ጃዝ ለሮቤ ምኗ ነው?

በመጀመሪያ ስለ የትኛዋ ሮቤ እንደማወራ እንግባባ። አዲስ አበባ ውስጥ "የሮቤ ልጅ ነኝ" ባልኩ ቁጥር "ባሌ?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የባሌዋ ሮቤም ትኑርልን፤ እኔ ግን የአርሲዋ ነኝ። ከአዳማ ወደ አሰላ ስትመጡ ኢተያ ላይ ከዋናው አስፋልት ትገነጠሉና፣ ስንዴና ገብስ ግራና ቀኝ እያጀባችሁ የምትደርሱባት ከተማ። ብርድ የማይጠፋባት፣ ሠርግ የሚበዛባት፣ ጃዝ የሌለባት።

ባለፈው ቤተሰብ ተሰብስቦ ቡና ስንጠጣ፣ እኔና ወንድሜ ስለጀመርናት አንዲት ነገር (ቆይቼ እነግራችኋለሁ) ሳወራ አጎቴ ስኒውን እንደያዘ "አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ጃዝ ለሮቤ ምኗ ነው?" አለኝ። ለማሾፍ አልነበረም። የምሩን ነው የጠየቀኝ። ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ሲወራ በቆየበት ቤት ውስጥ ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን አፌ ላይ መልስ አጣሁ። አራት ዓመት ጋዜጠኝነት ተምራ፣ ጥያቄ መጠየቅ ተምራ፣ አንድ ጥያቄ መመለስ ያቃታት ልጅ! እናላችሁ፣ ይህ ጽሑፍ ለአጎቴ የዘገየ መልስ ነው።

ነገሩን ከካዛንቺስ ልጀምር።

መጀመሪያ ፈንድቃ የገባሁት በ2011 ዓ.ም. ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ። የባህል ዘገባ ጽፋችሁ ኑ ተብለን እኔና ጓደኛዬ ካዛንቺስ ወደሚገኘው አዝማሪ ቤት አመራን። ሁለት ሴቶች፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ካዛንቺስ። ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም (እማዬ፣ ይህን ካነበብሽ ቤት ስመጣ እንነጋገራለን)። ከመግቢያው ይልቅ ያስጨነቀን የመመለሻው የታክሲ ብር ነበር።

የጠበቅኩት ማሲንቆና እስክስታ ነው። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጥያቄዎቼን ሳይቀር ለአዝማሪ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ያን ዕለት ግን የጃዝ ምሽት ሆኖ ቆየን። ድራም፣ ቤዝ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ከሙዚቀኞቹ ጋር ጉልበት ለጉልበት ልንነካካ ምንም አልቀረንም። ድራሙ በተመታ ቁጥር የያዝኩት ብርጭቆ እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። አንድ ሁለት ዘፈን ካለፈ በኋላ ወደ ጓደኛዬ ዞር ብዬ "ዘፋኙ መቼ ነው የሚመጣው?" አልኳት። ዘፋኝ የሚባል ነገር አልመጣም።

የማውቀውን ዜማ ጀመሩ። ደስ አለኝ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ግን ዜማው የት እንደገባ ጠፋኝ። ሳክስፎኒስቱ ብቻውን ሄደ፣ ድራመሩ ተከተለው፣ ቤዙ ወደኋላ ቀረት አለ። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ በግልጽ ተላለፉ፤ አንዱ ቀድሞ ገባ፣ ሌላው አልደረሰም። እኔ ደነገጥኩላቸው። እነሱ ግን ተያይተው ሳቁ። ሳቁና ከተሳሳቱበት ቦታ ላይ ተነስተው ሌላ ነገር መሥራት ጀመሩ፣ ቤቱም ከእነሱ ጋር ሞቅ አለ። ሰው መድረክ ላይ ተሳስቶ ሲስቅ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ሮቤ ውስጥ ሠርግ ላይ የተሳሳተ ኪቦርዲስት አይስቅም። ይሰደባል። አንዳንዴም ብሩ ይቀነስበታል።

በሌላው ሳምንት ተመልሼ ሄድኩ (ዘገባውን ካስገባሁ በኋላ ነው፤ ለውጤት ብዬ አይደለም)። ያንኑ ዜማ ተጫወቱ። ግን ሌላ ሙዚቃ ነበር። አንዳንዶቹ ታዳሚዎች ባለፈው ሳምንት እዚያው ያየኋቸው ናቸው፤ ሙዚቀኞቹ በስም ያውቋቸዋል። ባለፈው ሳምንት የተላለፉበት ቦታ ሲደርስ አንድ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው በእንግሊዝኛም በአማርኛም ያልሆነ ድምፅ "እህ!" አለ። አሁን ምን ያደርጉ ይሆን ብሎ እየጠበቀ ነበር ማለት ነው። የገባኝ ያኔ ነው። ይህ ሙዚቃ በየሳምንቱ እየተመለሰ የሚሰማው ሰው ከሌለው ግማሹ የለም።

የቤቱን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁና አላረዝመውም። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ እዚያ አዝማሪ ቤት ያለ ደሞዝ፣ ሰው ግንባሩ ላይ በሚለጥፍለት ብር ብቻ እየጨፈረ ለዓመታት ባንኮኒ ሥር ይተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤቱን ራሱ ተረከበው። ከዚያ በኋላ ኢትዮከለር የሚባለውን ቡድን አቋቋመ፤ የሥዕል ማሳያ ተጨመረ፤ የግጥም ምሽትና የጃዝ ምሽት መጡ። ድራመሩ ተፈሪ አሰፋ የሚመራው ነጋሪት ባንድ፣ የየብሔረሰቡን ምት እየወሰደ ጃዝ ውስጥ የሚያስገባው ማለት ነው፣ ደጋግሞ ይጫወትበት ነበር። ከሆላንድ ዘ ኤክስ የሚባሉት፣ ከኖርዌይ ድራመሩ ፖል ኒልሰን ላቭ ከፈንድቃ ልጆች ጋር ተጫውተዋል። እነዚህ ሰዎች በአገራቸው ስማቸው የታወቀ፣ ያለ ኖታ በቦታው እየፈጠሩ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ናቸው። ካዛንቺስ ውስጥ ዱካ ላይ የሚቀመጥ ታዳሚ ፊት ለመጫወት ከዚያ ድረስ ይመጡ ነበር እንጂ የእኛን ስታዲየም ፈልገው አልነበረም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲነሳ ፈንድቃም አብሮ ተነሳ። ቤቱ ፈረሰ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አደርጋለሁ። የካዛንቺስ ሰፈር የድሮ ቤቶች ምን ይመስሉ እንደነበር አይቻለሁ። መጸዳጃ ቤቱን፣ ጭቃውን፣ የሽቦውን ጥልፍልፍ እያወቅኩ "ምነው ባልተነካ" ብዬ ከሩቅ የምዘምር ሰው አይደለሁም። ከተማ መታደስ አለበት። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ቤት ሲነሳ የሚቆጠረው ካሬ ሜትር ነው፤ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ በሩ። የጃዝ ምሽቱን የሚቆጥር ሰው የለም። ቤቱ ሌላ ቦታ ይሠራል እንበል፣ ከበፊቱ አሥር እጥፍ ያማረ ይሁን እንበል፣ ያ ከኋላዬ ተቀምጦ "እህ!" ያለው ሰውዬ ግን በካሳ አይመጣም። እሱ የተሠራው በብዙ ዓመት ነው፣ በየሳምንቱ እየመጣ። የፈንድቃ ሰዎች ከዚያ ወዲህም መጫወታቸውን አላቆሙም፤ እሱ ይመስገን። ሙዚቀኛ ሻንጣውን ይዞ መሄድ ይችላል። የአንድ ክፍል ልማድ ግን ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

ደግሞም የመጀመሪያው አልነበረም። ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዛምባ እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ከሆቴሉ ከፊል ክፍል ጋር ተቃጠለ። እኔ ያኔ ሮቤ ውስጥ ገና ተማሪ ስለነበርኩ አልደረስኩበትም። የደረሱበት ሰዎች ግን ስለ ጃዛምባ ሲያወሩ ስለ አንድ የሞተ ዘመድ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። የሚገርመው ሁሉም የሚያስታውሱት ዘፈኑን አይደለም፤ "በየሳምንቱ እዚያች ጥግ እንቀመጥ ነበር" ነው የሚሉት።

ከእኛ ውጭ ደግሞ ተመልከቱ። ኒውዮርክ ውስጥ ቪሌጅ ቫንጋርድ የሚባል ምድር ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1935 ተከፈተ። የሚይዘው ሰው 123 ብቻ ነው፤ ከእኛ አንድ የሠርግ ድንኳን በእጅጉ ያነሰ። ጆን ኮልትሬን እ.ኤ.አ. በ1961 እዚያ ቀድቷል፣ ቢል ኢቫንስም በዚያው ዓመት። የቢል ኢቫንስን ቅጂ በጆሮ ማዳመጫ ብትሰሙት የታዳሚው ብርጭቆ ሲጋጭና ሰው ሲያወራ ይሰማል። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ሰኞ ማታ የቤቱ ትልቅ ባንድ ነው፤ አባላቱ ሞተው ተተክተዋል፣ ሰኞው ግን ሰኞ ነው። አሜሪካ ሀብታም ስለሆነች ነው እንዳትሉኝ። አንድ ምድር ቤትና ዘጠና ዓመት የማይታጠፍ ልማድ ነው ነገሩ። አዲስ አበባ ውስጥ በትልልቅ ሆቴሎች ሎቢ የሚጫወቱትን አውቃለሁ፤ ጎበዞች ናቸው። ግን እዚያ ጃዝ የእራት ማባያ ነው። ሳክስፎኑ ላይ ሰውየው ነፍሱን ሲያወጣ ጎን ያለው ጠረጴዛ ስለ መሬት ሊዝ ይደራደራል። እሱን ኮንሰርት አልለውም።

አሁን ወደ አጎቴ ጥያቄ ልቅረብ። አጎቴ በልቡ ያለው "ይህ የፈረንጅ ነገር ነው" የሚል እንደሆነ አውቃለሁ። ግማሽ እውነት አለው። ፈንድቃ ውስጥ አንዳንድ ምሽት ከአበሻው ፈረንጁ ይበዛ ነበር፣ እኔም ይከነክነኝ ነበር። ሳክስፎኑም፣ ድራሙም፣ ኪቦርዱም ከውጭ የመጡ ናቸው። በቦታው መፍጠር ግን ከውጭ አልመጣም።

ቅኔ ቤት የተማረ ሰው ጠይቁ። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ የሚያቀርብ ተማሪ ይሳቅበታል፤ ቅኔ በየዕለቱ አዲስ ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ደግሞ "ተቀበል!" ሲባል ሰምቷል። ታዳሚው ግጥሙን ይወረውራል፣ አዝማሪው ከማሲንቆው ጋር እያስማማ ይመልሰዋል። ታዳሚ ከመቀመጫው ተነስቶ የዘፈኑ ደራሲ የሚሆንበት አገር ውስጥ ነን እኮ! ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ላይ ሽለላን የተጫወተው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። የጦር ሜዳ ፉከራውን፣ ያንን የሚንቀጠቀጥና የሚጮህ ድምፅ፣ በነሐስ አወጣው። አሜሪካኖች ሳክስፎንን እንደ ሰው እያስጮሁ "ነፃ ጃዝ" ያሉት ከዚያ ወዲህ፣ በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ ነው። ጌታቸው እነሱን አልሰማም ነበር። የሰማው ፎካሪዎችን ነው። ካረጀ በኋላ ዘ ኤክስ የሚባሉት እነዚያ ሆላንዶች አግኝተውት እ.ኤ.አ. በ2006 "ሞአ አንበሳ"ን አብረው አወጡ፤ በ2016 እስኪያርፍ ድረስም የእኛ ሰው ከሚያውቀው በላይ የአውሮፓ ትንንሽ ክለቦች አወቁት።

ወደ አርሲ ስመጣ ደግሞ አጎቴ ራሱ ምስክሬ ነው። አርሲ ውስጥ ያደገ ሰው አቴቴን አይቷል፣ ካላየም ሰምቷል። ሴት ስትበደል፣ ባሏ ሲመታት ወይም ሰው ሲሰድባት፣ የመንደሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሲንቄ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን በትር ናት። ሴቶቹ በዳዩ ደጅ ሄደው ይዘፍናሉ፤ እስኪክስ ድረስ ወደ ቤት የለም። ልጅ ሆኜ አኮ (አያቴን እንዲህ ነው የምንላት) ከነዚያ ሴቶች ጋር ስትሄድ ቀሚሷን ይዤ ተከትያለሁ። ግጥሙን ማን ጻፈው? ማንም። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ የሰውየው ጥፋት ራሱ ግጥም ይሆናል፤ ሰውየው ከቤት ብቅ ሲል ግጥሙ ይቀየራል፤ ሽማግሌ መሃል ሲገባ እንደገና ይቀየራል። አኮ ያወጣችው አንድ ስንኝ ላይ ሴቶቹ ሁሉ በአንዴ ሲስቁ ትዝ ይለኛል። ምን እንዳለች ለልጅ አይነገርም ተብዬ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ዛሬ አቴቴ እየቀረ ነው፤ አንዳንዱ በሃይማኖት ምክንያት፣ አንዳንዱ ክሱ ወደ ፍርድ ቤት ስለሄደ። እሱ ሌላ ክርክር ነው። ግን ካዛንቺስ ውስጥ እነዚያ አራት ሰዎች ተላልፈው ሲስቁ ትዝ ያለኝ የአኮ ሳቅ ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ስለዚህ ችሎታው ከእኛ ጋር አለ። የሌለን ክፍሉ ነው።

ክፍል ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ታወጀ። ማታ የሚኖር ሙዚቃ ማታውን ተነጠቀ። የቻሉት ክለቦች ሰዓቱ ሲደርስ በሩን ይዘጉና ባንዱም ታዳሚውም እስኪነጋ እዚያው ያድሩ ነበር፤ ሌላው ቀረ። በሂልተን ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሲሄድ የተወሰኑት አባላት አልተመለሱም። ከነሱ አንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከታክሲው ኋላ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የድሮ ካሴቱ እንደገና ታትሞ ዓለም እንደ አዲስ አገኘው፤ ደስ የሚል መጨረሻ ነው። እኔን ግን የሚያሳስበኝ መሃል ያሉት ዓመታት ናቸው። እንዲያ ያለ እጅ ሠላሳ ዓመት ያህል በየሳምንቱ የሚጫወትበት ክፍል ቢኖረው ኖሮ ስንት ልጅ ከጎኑ ተቀምጦ ይማር ነበር?

እኛ አርሲዎች ይህን ለመረዳት ከማንም የተሻልን መሆን ነበረብን። በቆጂን አስቡ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ የዲባባ እህትማማቾች። ኦሎምፒክ አልሠራቸውም፤ ኦሎምፒክ አሳያቸው እንጂ። የሠራቸው ማለዳ ነው። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት ስፖርት አስተማሪ ሳሉ የጀመሩት፣ ብርድ ሆነ ጭጋግ፣ ልጆች የሚሰበሰቡበት ያ ሜዳ። እዚያ ሜዳ ላይ በየቀኑ የሚሸነፍ ልጅ አለ፤ ነገም ተመልሶ ይሮጣል። ሽንፈቱን ቴሌቪዥን አያሳየውም፣ ጓደኞቹ ናቸው የሚያዩት። ለሙዚቀኞቻችን ግን የሰጠናቸው የፍጻሜ ውድድር ብቻ ነው። ሠርግ፣ የአዳራሽ ኮንሰርት፣ የቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር ከነዳኞቹ። ሁሉም ቦታ የበሰለ ነገር ይዘህ ና ይላል። የሚበስልበት ምድጃ የት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እንግዲህ አሁን ስለጀመርናት ነገር።

ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፤ ሠርግ ላይ ኪቦርድ ይጫወታል። ብቻውን ባንድ ነው። የኪቦርዱን ሪትም ይከፍተዋል፣ ሪትሙ ይመታለታል፣ እሱ ዜማውን ከላይ ያስኬዳል፣ ሰው ይጨፍራል። ጎበዝ ነው፤ ግን ዘንድሮ የሚጫወተውን የዛሬ ሦስት ዓመትም ይጫወተው ነበር። ፈንድቃ ሳይፈርስ በፊት አንድ ምሽት አዲስ አበባ ሲመጣ ወስጄው ነበር። ምሽቱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረም። ስንወጣ "እነዚህ ሰዎች ከሳምንት እስከ ሳምንት የት ነው የሚለማመዱት?" አለኝ። "እዚሁ ነዋ፣ ሰው ፊት" አልኩት።

ባለፈው ፋሲካ ማግስት ሮቤ ውስጥ አንድ ሻይ ቤት እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ እንድንጫወት ፈቀደልን። ወንድሜ፣ ክራር የሚጫወት ጓደኛው፣ የትምህርት ቤት ከበሮ የተዋሰ ሌላ ጓደኛቸው፣ እና እኔ ወንበር ደርዳሪዋ። ደንባችን ሁለት ነበር። የሠርግ ዘፈን እንደ ሠርጉ አይጫወትም፤ ቀኑ አይታጠፍም። የመጀመሪያው እሁድ 11 ሰው መጣ፤ አምስቱ ዘመድ። በሁለተኛው 7። እውነቱን ልናገር፣ ሁለተኛው እሁድ አስቀያሚ ነበር። ክራሩ ከኪቦርዱ ጋር አልተቃኘም፣ ወንድሜ ሪትሙን ከፍቶት ሌሎቹ ሊደርሱበት አልቻሉም፣ አንዱ ደንበኛ "ሬዲዮ ብትከፍቱልን አይሻልም?" አለ። በሦስተኛው ያው ደንበኛ ተመልሶ መጣ (ሬዲዮ ያለው ሻይ ቤት ማዶ እያለ!)።

አራተኛው እሁድ ላይ ከለቅሶ ሲመለሱ ሻይ ሊጠጡ የገቡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጋቢያቸውን እንደለበሱ ጥግ ላይ ተቀምጠው ብዙ ሰሙ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ዱላቸውን መሬት ላይ አንዴ መታ አድርገው ጌራርሳ አወጡ። ጌራርሳ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ትንፋሹ የራሱ ነው፣ ማሽን አይቆጥረውም። የወንድሜ ሪትም በአንድ በኩል ይሮጣል፣ አባባ በሌላ በኩል ይሄዳሉ። ወንድሜ አየኝ። እኔ ምን ላድርግልህ፣ እኔ ወንበር ደርዳሪ ነኝ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሪትሙን አጠፋው። ሦስት ዓመት ሰው ፊት ሲጫወት ሲያጠፋው አይቼው አላውቅም። አንድ ድምፅ ብቻ ያዘ፣ ያዘና ጠበቃቸው፤ አባባ ሲተነፍሱ ሁለት ሦስት ድምፅ መለሰ፤ እሳቸውም ሰሙት፣ ዞር ብለው አይተውት የሚቀጥለውን ረዘም አደረጉለት። ምን ያህል ቆየ እንደሆነ አላውቅም። ቆንጆ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም፤ ሁለት ቦታ ላይ ፈጽሞ አልገጠመም። ሻይ ቤቱ ውስጥ ግን የሚነካ ማንኪያ አልነበረም።

ለአምስተኛው እሁድ አባባም እንደሚመጡ ነግረውን ነበር። አምስተኛው እሁድ የእንግሊዝ ሊግ መዝጊያ ሆነ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ደግ ሰው ነው፣ አፍሮ ነው የነገረን፤ ሰው ከ10 ሰዓት ጀምሮ ወንበር ይይዛል፣ እሱም ቤተሰብ ያስተዳድራል። አልፈርድበትም። ግን ቀኑ አንዴ ከታጠፈ በኋላ አልተቃናም። በሌላው እሁድ ሦስት ሰው መጣ፣ ከዚያ ክረምት ገባ። አባባ በአምስተኛው እሁድ መጥተው ኳስ አይተው እንደሄዱ የሰማሁት በኋላ ነው። ይህን ስሰማ ከፈንድቃ መፍረስ ይልቅ ያመመኝ መሰለኝ፤ ያኛውን ያፈረሰው ከእኔ አቅም በላይ የሆነ ነገር ነው፣ ይህንን ግን ቀኑን ማስከበር ያቃተን እኛው ነን።

ለአሰላ ልጆችም አንድ ነገር ልበል፤ ከሮቤ ይልቅ እናንተ ትችላላችሁ። ዩኒቨርሲቲ አላችሁ፣ ሳሎናቸው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባዶ የሚውል ሆቴሎች አሏችሁ። አዳራሽ ይሠራልን ብላችሁ ለባህልና ቱሪዝም ደብዳቤ አትጻፉ፤ አዳራሽ ከተሠራ በኋላ ስብሰባ ነው የሚበዛበት። አንዲት ሳሎን፣ 40 ወንበር፣ በሳምንት አንድ የማይነካ ምሽት፣ ሲጫወቱ ስልኩን የሚያጠፋ ሰው። ለባለ ሆቴሉም ከባዶ ሳሎን ይሻለዋል።

አጎቴ ሆይ፣ ጥያቄህ ይህ ነበር አይደል? አንተው ራስህ ባለፈው ሠርግ ላይ "ይህ ልጅ ምነው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይጫወታል" ብለህ ነበር። ሌላ ዓይነት የሚሞክርበት ቦታ ስለሌለው ነው።

እኛ እንደገና ጀምረናል። የአንድ ጓደኛችን አባት የእህል መጋዘናቸውን ፈቅደውልናል። የዘንድሮው ስንዴ እስኪታጨድና እስኪወቃ ድረስ ባዶ ነው፤ ቆርቆሮው ትንሽ ያስተጋባል፣ ጆንያ ደርድረን አስታግሰነዋል። ስንዴው ከመግባቱ በፊት ስድስት እሁድ አለን፤ ከዚያ በኋላ የት እንደምንሄድ ገና እየፈለግን ነው። አባባን ቤታቸው ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠይቀን ነግረናቸዋል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እንጀምራለን፣ ማንም የኳስ ጨዋታ ቢኖር። መግቢያው በነፃ ነው፤ ወንበር ግን ስላነሰን ዱካ ያለው ይዞ ይምጣ።